ደርቢ የቀረው አባቴ

ዛሬም ኦስሎ፣ ባቡሩ ውስጥ «ሃውገሩድ» የሚለው የድምፅ ማጉያ ሲሰማኝ አባቴ ትዝ ይለኛል። አብሮን ሲሳፈር ድምፁን ተከትሎ የፌርማታውን ስም ጮክ ብሎ ይደግም ነበር፤ እኔና ወንድሜ በኀፍረት ወለል ወለሉን እናይ ነበር። ቤታችን እዚያው ፌርማታው አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ ነበር።

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አባዬ ሴንትሩም፣ መሀል ከተማው ላይ፣ የነበረውን የጽዳት ሥራ ትቶ እንግሊዝ አገር፣ ደርቢ የምትባል ከተማ፣ ታናሽ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ሐሳቡ ሥራና ቤት ካገኘ እኛን ሊወስደን፣ ካልሆነለትም ሊመለስ ነበር። እማዬ ግን ባርነሃገው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ፣ ልጆች እየጠበቀች ገና ቋሚ ሠራተኛ መሆኗ ነበርና ንቅንቅ አልልም አለች። እኔም ደርቢን ሳላያት ጠላኋት።

በረዶው ሲከመር አስተማሪያችን የአንድ ቦታ ስም ከየት እንደመጣ አጥንታችሁ ኑ አለችን። የከተማዋን ጉድ አወጣለሁ ብዬ ደርቢን መረጥኩ። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ ግን፣ እንግሊዞቹ ቀድሞ በሌላ ስም ይጠሯት እንደነበር፣ ኋላ ከሰሜን በመርከብ የሄዱ ቫይኪንጎች ይዘዋት «የአጋዘን መንደር» እንዳሏት፣ ስሙም ደኦራቢ፣ ደረቢ እየተባለ ሲጻፍ ኖሮ ደርቢ ላይ እንደረጋ አነበብኩ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ቢ» እዚህ ኦስሎ በኖርዌጂያን ዛሬም ከተማ የምንልባት ቃል ናት። ጠላት ፍለጋ ሄጄ ዘመድ ይዤ ተመለስኩ፣ በጣም ተናደድኩ።

አባዬ ሲደውል ነገርኩት።

«አየሽ! ስሟ ራሱ የናንተው ነው። ታዲያ ምን ያስፈራሻል?» አለኝ ደስ ብሎት።

«ስሙን ያወጡት ሰዎች ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ?»

«ኔይ» አለ በኖርዌጂያን፣ «አይ፣ አብዛኞቹ እዚያው ወልደው ከብደው ቀሩ መሰለኝ።»

«አንተስ?»

«እኔማ እመጣለሁ፣ የኔ ልጅ።»

በረዶው ሲቀልጥ መጣ፣ ግን በእንግድነት፣ ሻንጣውን እንኳ በደንብ ሳይፈታ። ከሄደ በኋላ እማዬ የቀሩትን ልብሶቹን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ በካርቶን ስታደርግ ነገሩ ገባኝና አለቀስኩ። እሷ ካርቶኑን አሰረች።

ዛሬ እዚሁ ኦስሎ፣ ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር እሠራለሁ፣ ማታ የምመለሰውም ወደዚያው ሃውገሩድ ነው። ስደውልለት በአማርኛዬ መሀል የኖርዌጂያን ቃል ካመለጠኝ «ምን አልሽ?» ይለኛል፤ ረስቶታል። የት ነህ ስለው ግን «ደርቢ» ይላል፣ ከዚያ ቋንቋ አፉ ላይ የቀረችው እሷው ናት።