የብርቅዬ መቶ ስምንት

ብርቅዬ ጠብ ያማራት ቀን ቁርስ አትበላም፤ ጠቡ ራሱ ያጠግባታል። ካዛንቺስ ሳለች ከመንደሩ ሰው ጋር በየተራ ተኳርፋ ጨርሳ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ «እሷን ለመገላገል ነው» ያለም አልጠፋ። ከዚያ ወደ ሰበታ መግቢያ ፉሪ ኮረብታ ላይ ወጥታ ቤት ሠራች። እዚያ ደግሞ ሰፈር ሙሉ አላስፈለጋትም፤ የአጥር ጎረቤቷ ኦቦ ቦጂያ ብቻውን በቃት።

ቤቷ የቆመበት መሬት የቦጂያ የጤፍ ማሳ ነበር። ማን ወሰደው፣ ማን ሸጠው፣ ማን ፈረመበት የሚለውን የሚያውቁ ሰዎች ቢኖሩም አፋቸውን አልከፈቱም።

«ጤፌ ላይ ነው የተኛሽው» ይላታል።

«እኔስ ካዛንቺስ ቤቴ ላይ ማን እንደተኛ ጠይቀኸኛል?»

ሁለቱም እውነታቸውን ስለነበር ጠቡ መጨረሻ አልነበረውም። የቦጂያ ላም ዳለቲ ደግሞ የይዞታ ካርታ ማንበብ ስለማትችል ማሳው ዛሬም የጌታዋ ይመስላታል። አጥር ጥሳ የብርቅዬን ጎመን ትግጣለች።

«ላምህን እሰር።»

«መሬቷን አትከልክያት።»

በሁለት ሺህ ስምንት መስከረም ዳለቲ ጎመኑን እስከ ሥሩ በላችና ደረሰኝ የምትሰጥ ይመስል እበቷን ጥላበት ሄደች። ብርቅዬ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ በሪሁን ገሰገሰች።

«አባ፣ ቦጂያ ላይ መቶ ስምንትን ልደግምበት ነው።»

መቶ ስምንተኛው መዝሙር እርግማን የበዛበት ነው። በሰፈሩ እምነት ጠላት ላይ ከተደገመ ሰውን ከነሥሩ ያደርቃል። ዳዊት መድገምና ድግምት ለፉሪ ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ይደገማል ልጄ። ግን ዳዊት ቤት ነው፤ በመስኮት አይገባም። ከአንድ ጀምሪ። በቀን አንድ፣ ሳትዘይ።» እስከዚያ ንዴቷ ይበርዳል ብለው ነው። የብርቅዬን ንዴት አላወቁትም።

ማንበብ የተማረችው ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጧት ጧት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ፊደሉ ሥር እየጎተተች፣ እስከ ተፍኪ በሚሰማ ድምፅ ታነባለች። ስትጨርስ ወደ አጥሩ ዞራ «ዛሬ ሰባት ነኝ፤ እየመጣሁልህ ነው» ትላለች።

ጣጣው የመጣው መንገድ ላይ ነው። ዳዊትን ወደደችው።

«ይኼ ሰውዬ እኮ እንደኔ ነው» አለቻት ለተከራይዋ ለጣቢታ። ጣቢታ ከሆሳዕና መጥታ ክር ፋብሪካ የምትሠራ፣ ጴንጤ ናት። «ገጹ ሁሉ ጠላት ነው። ከማንም አልተስማማም። እግዚአብሔርን እንኳ ‹ለምን ተኛህ› ይለዋል። እሱ ግን አንድ ቀን በሩን አልዘጋበትም።»

ብርቅዬ ዕድሜዋን ሙሉ እግዚአብሔርን እሷ ድምፅ ባሰማች ቁጥር መስኮት ከሚዘጉት ጨዋ ጎረቤቶች ቆጥራው ነበር። አሁን ጮሆ፣ አልቅሶ፣ ተነጫንጮ ወዳጅ ሆኖ የቀረ ሰው አገኘች። እሷም ሞከረችው። ጎመን እየቀነጠሰች ጎረቤቱን ታማለታለች፤ ውኃ በጠፋ ቀን ትወቅሰዋለች፤ ሲመጣ ታመሰግነዋለች። ወፍ እንኳ ለራሷ ቤት አገኘች የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ካዛንቺስ ቤቷ ሲፈርስ ዶዘሩን ስትሰድብ ስለዋለች ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ያን ዕንባ አሁን አወጣችው። ሲያልቅ ደረቷ ቀለላት፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ መሰላት። ከዚያ ወዲህ ጧት እስኪመጣ ቸኩላ የምትነሣው ለእርግማን አልነበረም፤ ይህንን ግን ብትገደልም አታምንም። «እየመጣሁልህ ነው» ማለቷን አልተወችም፤ ብቻ ዜማ ቢጤ ገባበት።

ኅዳር ላይ ከተማው ተናወጠ። አዲስ አበባ በማስተር ፕላኑ ዙሪያዋን ያሉ ከተሞች ልትውጥ ነው ተባለ። የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ታክሲ ጠፋ። ሰው ሰላምታውን በየትኛው ቋንቋ እንደሚጀምር ማሰብ ጀመረ፤ «አካም» ይበል ወይስ «እንደምን»? ብዙው ሁለቱንም ትቶ ማሳል መረጠ።

ታኅሣሥ ላይ መቶ ሰባት ደረሰች። ዘማሪው ክራሩን «ንቃ» ይለዋል፤ ንጋትን ራሱ ሊቀሰቅሰው ነው። ቀጥሎ እግዚአብሔር ምድሩን ይከፍላል፣ ሸለቆውን ይለካል።

«እሱም ሜትር አለው እንዴ?» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማዘጋጃ ቤት ሳያስፈቅድ የሚለካ ጌታ ደስ አላት። ቢሆንም ልማድ ነውና ወደ አጥሩ ዞረች። «ነገ ነው፣ ቦጂያ። ነገ።»

ረፋዱ ላይ ፌዴራሎች መጥተው ቦጂያን ወሰዱት። «የተዘጋው መንገድ ላይ የታየው ላም ፍለጋ ወጥቶ ነው» አለ ሰፈሩ። ላሟ በረት ውስጥ ነበረች።

የፉሪ ሰው አንድ ላይ ያመነው ነገር ቢኖር በዚያ ዓመት ይህ ብቻ ነው፤ ብርቅዬ ደገመችበት። ሱቅ ስትገባ ሰልፉ ይበተንላታል። ሕፃናት ጥላዋን አይረግጡም። አንድ አከራይ ተከራዩን እንድታደርቅለት ለመናት፤ ወዲያው ተከራዩ ስለ አከራዩ ዶሮ ይዞ መጣ። ሁለቱንም በመጥረጊያ አባረረቻቸው።

የቦጂያ ሚስት ገለቴ ግን ዶሮ አልያዘችም። በሩ ላይ ቆመች።

«አስገባሽው። አውጪው።»

«ገለቴ ሙች፣ አልደረስኩም። መቶ ሰባት ላይ ነኝ።»

«አፍሽን ቀድሞ ልብሽ ደርሷል» አለችና ምራቋን ጥላ ሄደች።

ይህ ቃል ብርቅዬን ወጋት፤ እውነት ነዋ። ጧት መጽሐፉን ስትከፍት ያ ያገኘችው ወዳጅ ፊቱን ያዞረባት መሰላት። ወደ መቶ ስምንት ማለፍ ፈራች፤ ሳትዘይ ተብላለች፣ መዝለልም አይቻልም። እዚያው ቆመች። በየጧቱ ያንኑ መቶ ሰባትን ታነባለች። ክራሩ አልነቃ አላት። «ሰውዬውን መልስና እንደ ፈለግህ ቅጣኝ» ትላለች፤ ዳለቲ ጎመኑን ስትግጥም ዝም ብላ ታያታለች።

ጥር ላይ ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ከዚያ ቦጂያ ከስቶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ መጣና አጥሩን ተደገፈ። ብርቅዬ ከነመጽሐፏ ደረቀች።

«መቶ ስምንትሽ ደረሰኝ» አላት።

«ቦጂያ፣ እኔ...»

«ጣቢታ ነግራኝ ነበር፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን። ‹ኦቦ፣ መቶ ስምንት እየተደገመብዎት ነው› ብላ አለቀሰችልኝ። የኦሮምኛውን መጽሐፍ ገልጬ አየሁት። ይቺ ሴት በክራር ነው እንዴ የምትረግመኝ አልኩ። ደስ ስላለኝ በቃሌ ያዝኩት። እስር ቤት ስንዘምረው ከረምን። ሸለቆውን የሚለካው እሱ ነው የሚለው ጋ ስንደርስ ጠባቂው ‹ይኼ ፖለቲካ ነው› ብሎ ከለከለን። በሹክሹክታ ቀጠልን።»

ብርቅዬ መጽሐፏን አየች፣ እሱን አየች። «እሱ እኮ መቶ ሰባት ነው።»

«መቶ ስምንት ነው።»

ጣቢታ የራሷን መጽሐፍ ይዛ ወጣችና ሁለቱን አስተያየች። «የናንተ መቶ ሰባት የኛ መቶ ስምንት ነው፣ እትዬ። ቁጥሩ በአንድ ይለያያል እንጂ መዝሙሩ ያው ነው።»

እሷ ደጃፏ ላይ፣ እሱ እስር ቤት፣ ያንኑ ሲሉ ከርመዋል። ብርቅዬ መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፊቱን ያዞረባት የመሰላት ወዳጅ ለካ ያኔም እያሾፈባት ነበር።

«ያንቺ መቶ ስምንትስ ምን ይላል?» አላት ቦጂያ።

«አያስፈልግህም። ላምህን ከጎመኔ አውጣ።»

በማግሥቱ መቶ ስምንትን የማንንም ስም ሳታነሣ፣ ክፉ ውሻ የታሰረበትን በር እንደሚያልፍ ሰው ድምፅ ሳታሰማ አለፈችው። ከዚያ እስከ መጨረሻው፣ እስከ መቶ ሃምሳኛው ከበሮ፣ እየጮኸች ወረደች።

ሁለቱ አልታረቁም። ጧት ብርቅዬ «መዝሙር መቶ ሰባት» ብላ ትጀምራለች፤ ከአጥሩ ወዲያ «መቶ ስምንት» የሚል ጎርናና ድምፅ ያርማታል፤ ከዚያ እየተነቋቆሩ እስከ መጨረሻው አብረው ይሉታል።