የጊሎ ሽማግሌዎች ዓርማ

ባለፈው ሳምንት እየተቻኮልኩ እዚህ እስራኤል ውስጥ «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና ሳልፍ ዝናብ ካራሰው የድንጋይ ግንብ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝና፣ እግሬ ሳላዘው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ቆመ፤ የተቀረጸውን አንበሳ እንደ ድሮው ቀና ብዬ አየሁት።

ሥዕል ስማር አስተማሪያችን ለአንድ ማኅበር ዓርማ እንድንሠራ ብታዘን፣ እኔ አባቴ የሚውልበትን፣ በሠፈራችን በጊሎ ያለውን የሽማግሌዎች ሞዓዶን፣ ማለትም ተሰብስበው የሚጫወቱበትን ቤት መረጥኩ። አባቴ ምን እንደምማር ማስረዳት ስለሚያቅተው ሁልጊዜ «ትማራለች» ብሎ ብቻ ያልፍ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን «ልጄ ማኅተም ልትሠራልን ነው» እያለ ከአውቶቡስ ሹፌር ጀምሮ ላገኘው ሁሉ አወራ፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ስቀመጥ ስነሣ፣ ስሥል ስቀድ ከርሜ በመጨረሻ ከዚያ በር ላይ የይሁዳን አንበሳ ቀዳሁ፤ እኛ ቤተ እስራኤሎች ነንና በፊት እግሩ የያዘውን መስቀል አጥፍቼ ወሰድኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ተቀባበሉት። የሁሉም ታላቅ አባ ዓለምነህ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኸ አንበሳ የያዘውን የት ጣልሽበት? እንዲህ እጁን ዘርግቶ የኔ ቢጤ መሰለ እኮ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ነበር፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳቁ ሲበርድ አባቴ ማንንም ሳያይ፣ «እኛ መቼ ማኅተም ነበረን? ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ቤት የኛ ነው፣ ይባል ነበር እንጂ» አለ። አገር ቤት ሳሉ በሰንበት እሳት የሚያነድ ከመሐላቸው አልነበረምና ሁሉም የየመንደሩን ቅዳሜ እየተሻማ ያወራ ጀመር።

አንበሳውን ትቼ ጭሳቸው የሚትጎለጎል ጎጆዎች ሣልኩ፣ ከአንዷ በቀር። አስተማሪዬ ያልጨረስኩት መስሏት የቀረውን ጭስ እንድጨምር መከረችኝ፤ አልጨመርኩም። ዓርማው ሞዓዶኑ በር ላይ ሲሰቀል አባቴ መንገደኛ እያስቆመ አሳየ፤ እኩዮቹም አንዴ አይተው ፈገግ ይሉ ነበር።

ዛሬም እዚያው በር ላይ አለ። አባቴም፣ አባ ዓለምነህም፣ ሳይነገራቸው የሚያውቁት ሁሉ አልፈዋል። በቅርቡ ልጄን ይዣት ብሄድ ያቺን ጎጆ ትኩር ብላ አየችና በዕብራይስጥ፣ «የዚህ ቤት ሰዎች ወዴት ሄዱ?» አለችኝ። «ቤት ናቸው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ነው» ልላት ስል አባቴና እኩዮቹ ትዝ አሉኝ፤ እጇን ይዤ ወደ ሞዓዶኑ ገባሁ።