የአንሻ የቦሎቄ ሾርባ

ባለፈው እሑድ ልጄ ያደረ ሥጋ ከፍሪጅ አውጥታ የተቀቀለ ቦሎቄ ላይ ስትዘረግፈው ሳይ ሆዴ ባባ። «ማሚ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት!

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ እየሠራሁ፣ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ከአንሻ ጋር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አንሻ የሞያሌ ልጅ ናት፣ ኢስትሌ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሌላው ሁሉ የጋራ፣ ሥጋችን ግን ለየብቻ። አገር ቤት የለመድነው ነውና ቅር ያለው አልነበረም። እኔ የምገዛው ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ነው። ሰውየው ጆሴፍ ይባላል፣ ግድግዳው ላይ የማርያምን ሥዕል ሰቅሏል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ!

እናቴ እንቅርቷን ልታስወጣ ናይሮቢ የመጣችው አብረን መኖር በጀመርን በሁለት ዓመታችን፣ በሐምሌ ብርድ ነው። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ እሷ ግን እህል አልቀምስም አለች። አጥሚቱን ብሠራ፣ ገንፎውን ባገነፋ፣ ወይ ፍንክች! ሐኪሙም «እንዲህ ከቀጠሉ ያሰጋል» አለኝ። ከሥራ ስመለስ ማታቱ የሚሉት ሚኒባሳቸው ቲካ ሮድ ላይ በመኪና ብዛት ሲቆም እንባዬ ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን በሩን ስከፍት የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ሽታ ተቀበለኝ። አንሻ ያደረውን ሥጋዬን አድቅቃ ከትፋ፣ ቦሎቄ እስኪሟሟ አብራ አፍልታው፣ እናቴ ራስጌ ተቀምጣለች።

«ሥጋው የማን ነው ልጄ?» አለች እናቴ።

«የልጅዎ ነው እማማ። በራሷ ድስት ነው የሠራሁት።»

ጎድጓዳውን ሳህን ጨረሰችው! «እጅሽ ይባረክ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፍስ ዘራች።

ትንሽ ስትበረታ «ያንን ሥጋ የሸጠውን ሰው ካልመረቅሁ» አለች። አንሻ «ብርድ ነው እማማ፣ ይቅርብዎ» ብትል ማን ሰምቷት። ሦስታችንም ሄድን። እናቴ መረቀችው፤ እኔም በተሰባበረ ስዋሂሊዬ «አስተራረድህን ወዳዋለች» አልኩት።

ጆሴፍ ሳቀ። «እኔ መቼ አርዳለሁ! ቄራ የሚያርዱት ሙስሊሞች ናቸው። ሁሉም እንዲበላው።»

ክው አልኩ። እናቴ «ምን አለ?» ብትለኝ ወደ አንሻ ዞርኩ። የነገረቻት አንሻ ናት፣ አንገቷን ደፍታ።

«በስመ አብ!» እናቴ አማተበችና አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት አንሻን።

«አዎ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ሥጋ ትተዪ ነበር። እማማም ቢያውቁ አይቀምሱትም። ካልቀመሱ ደግሞ...»

እናቴ እስከ ቤት የእኔን ክንድ ብቻ ይዛ ሄደች። ይህቺ ልጅ አጠገቤ እንዳትደርስ ትላለች ብዬ ነፍሴ ተጨነቀች። ገብታ ነጠላዋን አወለቀችና «አንሻ» አለች፣ «ከእንግዲህ እዚህ አገር ሥጋ አልበላም። ለንስሐ አባቴም እናገራለሁ። ሾርባውን ግን ያለ ሥጋ አንቺው ሥሪልኝ፤ የዚችኛዋ አይጣፍጥም።»

ይሄው እናቴ ካረፈች ቆየች። እስከ መጨረሻው ስትደውል ከእኔ በፊት የምትጠይቀው አንሻን ነበር። እኔን ግን ዛሬም የሚያስደነግጠኝ የጆሴፍ ወሬ አይደለም። የእኔ ሥጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለአንሻ የተፈቀደ ነበር። ከእኔ ሳህን ብትጎርስ የሚከለክላት አልነበረም፤ ብትጎርስ ግን እኔ ወዲያው እነቃ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለየብቻ የበላነው ለእሷ ሃይማኖት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለእኔ ብላ ኖሯል።