ያልተዘለለው ዝላይ

አሰልጣኙ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ አሎሎ ወርዋሪዎችን ያሠለጥናል። ቡድን ለማለት አፍ አይሞላም፤ ለሁሉም አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃቸዋል። አግዳሚው ግን ሲቀመጡበት ያቃስታል።

የክብደት ማንሻቸውን የሠራው ራሱ ነው። የውሃ ቧንቧ ብረት ቆርጦ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሲሚንቶ የሞላባቸው የቀለም ጣሳዎች ተከለበት። አንደኛው ጣሳ ከሌላው ስለሚከብድ ብረቱን የተሸከመ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

"ቀና በል እንጂ" ይላል አሰልጣኙ። "መሬት ላይ የጣልከው ነገር አለ?"

ሌሎች አሰልጣኞች ከውድድር በፊት ወርዋሪዎቻቸውን ጥላ ስር አስቀምጠው "ጉልበታችሁን ቆጥቡ" ይሏቸዋል። እሱ ይህን ሲሰማ ይስቃል። የተኛ ጉልበት ምን ይሠራል? የእሱ ልጆች ተራቸው ከመድረሱ በፊት ከባዱን ብረት ትከሻቸው ላይ አድርገው ጥቂት ጊዜ ብቻ ቁጢጥ ብለው ይነሳሉ፤ ቀጥለው ሁለቱን እግራቸውን ገጥመው ወደፊት ይዘላሉ፤ ከዚያ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆመው ይጠብቃሉ። በጀማሪነቱ ይህን መጠበቅ ስላላወቀበት ልጆቹን እያደከመ ሜዳ ያስገባቸው ነበር። በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ቶሎ ከወረወሩ ድካሙ አለ፤ ከዘገዩ ደግሞ የነቃው ሰውነት ተመልሶ ያንቀላፋል። የእያንዳንዱ ሰው ልክ ለየቅል ነው፤ እሱም የሁሉንም ልክ ከፊታቸው ያነባል።

ከሁሉም ቶሎ የምትቀዘቅዘው የእህቱ ልጅ ነበረች። በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ግዙፍ ልጅ ስለሆነች ሰፈሩ በሙሉ ሚጢጢ ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአጎቷ እጅ አልወጣችም። እናቷ "ሴት ልጄን ድንጋይ ተሸካሚ አደረግካት" ብላ ብታኮርፈውም፣ ሚጢጢ ስትወረውር ግን ከአጥሩ ጥግ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታይ ነበር።

ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ሲደረግ ለሴት አሎሎ ወርዋሪ የተተወው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሚጢጢ ልምምድ ላይ የምትወረውረውን ብትወረውር ቦታው የእሷ ነው፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። የምትፎካከራትን ልጅ ይዞ የመጣው ደግሞ የአሰልጣኙ የቀድሞ ተማሪ ነው። ውጭ አገር ኮርስ ወስዶ የተመለሰ፣ የትራክ ሱቱ ጨርሶ የማይጨማደድ፣ ቄንጠኛው የሚባል ሰው።

በምርጫው ቀን ጠዋት የሚጢጢን ዝላይ አይቶ ወደ አሰልጣኙ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ ዛሬም እንደ እንቁራሪት ያዘልሏቸዋል?"

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። አሰልጣኙም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ሲግል ተሰማው። ያስተማረው ልጅ በሰው ፊት እንዲህ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ሚጢጢ እስከ መጨረሻው ዙር በትንሹ ስትመራ ቆየች። ከዚያ ተፎካካሪዋ ወርውራ በለጠቻት። የቀረው የሚጢጢ የመጨረሻ ውርወራ ነበር። እሷ ብረቷን አንስታ፣ ዘልላ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ክቡ ስትጠጋ፣ ያቺ ልጅ የክቡን ጠርዝ ረግጣለች አልረገጠችም የሚል ክርክር ተነሳ። አንዱ ዳኛ ባንዲራውን ያነሳል፣ ሌላው ይቃወመዋል። ክርክሩ ረዘመ። ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች።

ሚጢጢ ጭኗን እያሸች መጣች።

"ጋሼ፣ ቀዘቀዝኩ። ደግሜ ልዝለል?"

አሰልጣኙ ፊቷን አየ፤ እውነቷን ነው። ቀና ሲል ደግሞ ቄንጠኛው እጁን አጣምሮ ወደ እነሱ ያያል። ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

"ተይው" አላት አሰልጣኙ። "ተቀመጪ። ጉልበትሽን ቆጥቢ።"

በሕይወቱ ለማንም ብሎት የማያውቀው ነገር ከገዛ አፉ ወጣ። ሚጢጢ ለአፍታ አየችውና ተቀመጠች።

የተፎካካሪዋ ውርወራ ጸደቀ። ሚጢጢ ስትጠራ እግሮቿ ከባድ ነበሩ፤ አሎሎው ከእጇ የወጣው እንደ ወትሮው ተስፈንጥሮ ሳይሆን ተገፍቶ ነው። አንድ መዳፍ ያህል ጎደላት። "በቃ አልሆነም" ብላ የአሰልጣኙን ቦርሳ አነሳች፤ ተያይዘው ወጡ። ወደ ቤት ሲሄዱ የምታወራው ስለ አውቶቡሱ መጨናነቅ ብቻ ነበር።

በዓመቱ መወርወር ተወች። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ተቀጠረች፤ ሲሚንቶ በትከሻዋ ስታወርድ ደንበኞች አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። በትንሽ የትምህርት ቤት ውድድር እንኳ ጨዋታው በዘገየ ቁጥር ልጆቹን ደጋግሞ ያዘልላል። ዳኞች ቢቆጡት፣ ወላጆች ቢስቁ ደንታ የለውም። ይህ ሁሉ ለሚጢጢ የሚያደርግላት ነገር እንደሌለ ያውቃል።

አንድ ቀን ከጣሳዎቹ አንዱ ተሰንጥቆ ሲሚንቶ ሊገዛ ሄደ። እንዲያውም ሲሚንቶው ሰበብ ነው፤ ስንት ዓመት ይዞት የኖረውን ነገር ሊነግራት ቆርጦ ነበር። ሻይ አስመጣችለትና ባዶ የሚስማር ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

"ያን ቀን..." ብሎ ጀመረ።

"ቄንጠኛው ያለህን እኔም ሰምቻለሁ" አለችው፤ ከየት ሊነሳ እንደሆነ ገብቷት።

አሰልጣኙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ታዲያ ለምን እምቢ ብለሽ አልዘለልሽም? መቼም አፍ አላጣሽም።"

"ፊትህን አይቼ ነዋ። ብዘል ሊስቁብህ ነበር።"

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ታዝዛኝ ነው የተቀመጠችው ብሎ ነበር የሚያስበው። እሷ ግን የሚቀርባትን እያወቀች፣ ስለ እሱ ብላ ነው የተቀመጠችው።

"ቢስቁብኝ ምን እሆን ነበር?" አላት።

ሚጢጢ አሰብ አደረገች። ቁጣ የለባትም፤ እንደ ቀላል ሒሳብ ነበር የምታሰላው።

"ምንም" አለች። "ትንሽ ቀልተህ፣ ማታ ለእማዬ ነግረሃት፣ አብራችሁ ትስቁ ነበር።"

ደጅ ላይ አንድ ደንበኛ ተጣራ። ሚጢጢ "መጣሁ" ብላ ወጣች፤ ከረጢት ስታነሳ የእግሮቿ አቋቋም አሁንም እሱ ያስተማራት ነው።