ከቄሱ ሚስት አንገት ላይ የጠረግኩት

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ንብረት አልጠፋበትም፤ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የድሮ ፎቶ የያዘ ሰው በበሩ ሲገባ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

የምሠራው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለች ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም። ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ደንበኛ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ መሥራት ነው የምወደው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘሐራ፣ "አንቺ ልጅ፣ ወሬሽ ከሰው ሳይሆን ከኮምፒውተር ጋር ሆነ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው። ሰዎች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ሲያስቸግረን፣ አንድ የእትዬ ዘሐራ ዘመድ ሊኑክስ የሚባለውን ጭኖልን ሄደ። በእሱ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ የሚሠራባቸው ናቸው። እኔ ግን የወደድኳቸው በሌላ ምክንያት ነው። ማመልከቻ የምጽፍበት ሊብሬ ኦፊስ ትእዛዞቹን በአማርኛ ስለሚያሳይ ሰው ሳልጠይቅ ብቻዬን ተማርኩት። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በኢንክስኬፕ የቀሚስ ጥልፍ ንድፍ እሥላለሁ።

ከሁሉም የምወደው ግን ጊምፕን ነው። ምልክቱ ብሩሽ የነከሰች ቀበሮ ትመስላለች። የደበዘዘና የተሰነጠቀ ፎቶ የማድሰው በእሱ ነው። የመሣሪያዎቹን ስም ማንበብ ባይሆንልኝም በሥዕላቸው እለያቸዋለሁ፤ በተለይ የቁስል ፕላስተር ሥዕል ያለበትን። እሱን ጭረት ላይ ሲያሳርፉት ጭረቱ በዙሪያው ያለውን ቆዳ መስሎ ይጠፋል።

አንድ ሰኞ ቀን ቄስ ሞላ የሚባሉ አባት ከኩታበር መጡ። ከጸሎት መጽሐፋቸው መሀል በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ፎቶ አወጡ። ባለቤታቸው ናቸው። ለመታወቂያ የተነሡት ነው፤ ሌላ ፎቶ ኖሯቸው አያውቅም። ፎቶው ውሃ ነክቶት፣ ታጥፎ፣ ተጫጭሮ ነበር። የባለቤታቸው ሙት ዓመት እሑድ ነው። ቄሱ ዘመድ በሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ ትልቅ አድርገው ሊሰቅሏት ፈልገዋል።

"ልጄ፣ ትነሣ ይሆን?" አሉኝ።

"እሞክራለሁ አባቴ።"

"ቁንጅና እንዳትጨምሪባት። እሷኑ አድርገሽ ስጪኝ።"

ስለ ሴትዮዋ መልክ አንድ ሁለት ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩና ተውኩት። ፎቶውን ስካን እንዳደረግኩ መልሰው መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት። "ይቺ ከእኔ አትለይም" አሉ።

የእኛ ማተሚያ ትልቅ ፎቶ አያወጣም። ትልቅ ሥራ ሲመጣ ኮምቦልቻ ላለ አንድ የማተሚያ ቤት ነው የምንልከው። ቄስ ሞላ ዓርብ ዕለት ለሙት ዓመቱ እህታቸውን ሊያመጡ ኮምቦልቻ ስለሚወርዱ፣ ፎቶውን ከዚያው እንዲረከቡ ተነጋገርን።

ሁለት ቀን ሠራሁበት። የውሃውን እድፍ ጠረግኩ፤ በግንባራቸው ላይ ያለፈውን እጥፋት ደፈንኩ። አንገታቸው ላይ አግድም የሄዱ ብዙ የደበዘዙ መስመሮች ነበሩ። እነሱንም በፕላስተሩ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። አንገቱ ጥርት አለ። እትዬ ዘሐራ አይተው፣ "ማሻአላህ፣ ነፍስ ዘራሽባት" አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ። ረቡዕ ማታ በቴሌግራም ወደ ኮምቦልቻ ላክሁት።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። ዳገቱ አድክሟቸው ስለነበር ወንበር ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፈታ አደረጉ። አንገታቸው ላይ ዙሪያውን የተነቀሱት ንቅሳት አለ፤ አረንጓዴ፣ በመደዳ የሄደ መስመር።

እጄ መታወቂያው ላይ ቀረ። እነዚያ ያጠፋኋቸው መስመሮች ተራ በተራ መጡብኝ። ጭረት እንዲያ ተራ ይዞ አይሄድም።

መታወቂያውን ኮፒ ሳላደርግ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። በመጀመሪያ ስካን የተደረገውን ፎቶ ፈለግኩ። የለም። ለኮምቦልቻ የላክሁትን ሳዘጋጅ በዚያው ስም ስላስቀመጥኩት የድሮውን ተክቶታል። ትክክለኛው ፎቶ ከቄሱ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ቄሱ ደግሞ በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ናቸው።

ከዚያ ጊምፕ የሚያስቀምጠው የራሱ ዓይነት ፋይል ትዝ አለኝ። እሱ የሥራውን ደረጃ እንደ ተነባበረ ወረቀት ለየብቻ ይይዛል። ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩት። ከላይኛው ንብርብር ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ስነካት የታደሰው ፎቶ ተሰወረና የታችኛው ታየ። የውሃው እድፍም፣ እጥፋቱም፣ ንቅሳቱም አለ። አንገቱን አቀረብኩት። አሁን ሳየው ንቅሳት መሆኑ ያስታውቃል። ያን ጊዜ እንዴት አላየሁትም?

ግን እዚያው አንገት ላይ እውነተኛ ጭረትም ነበር። የቱ ጭረት፣ የቱ ንቅሳት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ዞር ብዬ እኒያን እናት አየኋቸው።

"እናቴ፣ ይቅርታ፣ አንገትዎን ላየው?"

"አንገቴን? ምን ጠፍቶብሽ ነው አንገቴ ላይ?"

እትዬ ዘሐራ ከውስጠኛው ክፍል ቀና አሉ። ተንተባትቤ ነገርኳቸው። እኒያ እናት እየሳቁ አጠገቤ መጥተው ወንበሩን ሳቡና አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀኑልኝ።

"ይኸውልሽ፣ ይቺ ታች ያለችው ወፍራሟ ናት። ከእሷ በላይ ያሉት ቀጫጭን ናቸው። ይኼ የተጣመመው የማንም አይደለም፣ ጥረጊው። የእኛን ዘመን ሴት ሁሉ አንድ እጅ ነው የነቀሰን።"

እሳቸው እያሳዩኝ የላይኛውን ንብርብር አንገቱ ላይ ብቻ ላግኩት። ከሥሩ ንቅሳቱ ብቅ ብቅ አለ።

እትዬ ዘሐራ ኮምቦልቻ ደጋግመው ደወሉ። ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። የሱቃችን ኢንተርኔት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

"እትዬ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ" አልኳቸው። አለቀስኩ መሰለኝ።

"እኔ ሄጄ ምን እላለሁ? ያጠፋሽው አንቺ፣ የምታውቂው አንቺ። አብሽሪ፣ አይበሉሽም። ፍላሹን ያዢና ሂጂ።"

ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። እሑድ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ያንን ፎቶ ሲያይ። "ይቺ ማናት?" ሲል።

የማተሚያ ቤቱን በር ሳልፍ መጀመሪያ ያየሁት ፎቶውን ነው። ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ቄስ ሞላ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል። የማተሚያው ባለሙያ የሚጠቀልልበትን ላስቲክ እየቆረጠ ነበር።

"አባት፣ ወደዱት?" አላቸው።

"ደህና ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እውነቱን ለመናገር ወደ በሩ ዞር ብዬ ነበር። ቄሱ ግን ቀድመው አዩኝ።

"አንቺ የደሴዋ ልጅ፣ ምነው?"

"አባቴ፣ ተሳስቻለሁ። ንቅሳታቸውን ጭረት መስሎኝ አጥፍቼዋለሁ።"

"አይቼዋለሁ" አሉኝ። "መቼም ማሽን ሲያድስ እንዲህ አድርጎ ይሆናል ብዬ ነው። ደክመሽበታልና ምን እላለሁ። በወዲያኛው ዓለም ንቅሳት አይኖር ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር።"

ከዚያ ስለ ንቅሳቱ ነገሩኝ። ባለቤታቸው በሠርጋቸው ሰሞን ነው የተነቀሱት። አንገታቸው አብጦ ሦስት ቀን ውሃ መዋጥ አቅቷቸው ነበር አሉ። "'ይህን ሁሉ የቻልኩት ለአንተ ብዬ ነው' እያለች ዕድሜዬን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ኖረች። አሁን ንቅሳቱም ሲጠፋ ጊዜ፣ የሚነዘንዘኝ አጣሁ።"

ፍላሹን ለባለሙያው ሰጠሁት። ሰካው። ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። "ይህ ምን ዓይነት ፋይል ነው? አይከፈትም" አለኝ።

ስቸኩል እንደ ወትሮው ወደ ተራ ፎቶ ሳልቀይረው፣ የጊምፕን የራሱን ፋይል ነው ይዤ የመጣሁት። የእሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ሌላ ነው፤ ይህንን አያውቀውም። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ቄሱ እህታቸውን ይዘው ደሴ ገብተው የኩታበር መኪና መያዝ አለባቸው።

"ጊምፕን ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል" አልኩት በቀጭን ድምፅ።

"ስንት ነው?"

"ክፍያ የለውም። የሁሉም ሰው ነው።"

"በነፃ? ቫይረስ ሰብስበሽ ልትሄጂብኝ ነው?" አለና ወረፋ የያዙትን ሰዎች አየት አድርጎ ሳቀ። እነሱም ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ቄስ ሞላ ግን "ፍቀድላት ልጄ፣ እስከዚህ የመጣችው ለዚሁ ነው" አሉት። ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ትክክለኛው ገጽ ትዝ ስላለኝ ከዚያ ማውረድ ጀመርኩ። የማውረጃው መስመር ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። ከኋላዬ ሰው ይቆማል። የደሴን ሹራብ እንደለበስኩ ነኝ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

"ደሴ ብርድ ለምዳችሁ ነው እንዴ ሹራብ የማታወልቂው?" አለኝ ባለሙያው።

ቀበሮዋ ስትከፈት ዓይኔ እንባ ሞላ። የኮምፒውተሩ ዓይነት ሌላ ቢሆንም ሥዕሎቹ እኔ የማውቃቸው ናቸው። ፋይሉ ተከፈተ። ንቅሳቱ አለ። ቄሱ ከመጽሐፋቸው ትንሿን ፎቶ አውጥተው ከስክሪኑ ጎን ያዙልኝ። መስመር በመስመር እያስተያየን አንዲት የቀረች ቀጭን መስመር አገኘንና መለስናት። ከዚያ ወደ ተራ ፎቶ ቀይሬ ሰጠሁት።

ሁለተኛው ታትሞ ሲወጣ ቄስ ሞላ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁ። በኋላ ወደ ፎቶው ጠጋ ብለው፣ "ይኸው፣ ልትነዘንዘኝ ነው" አሉ።

ባለሙያው የመጀመሪያውን ከፍሬሙ አውጥቶ፣ "ይቺንስ አይወስዷትም? መቼም ተበላሽቷል" አላቸው።

"ይቺን? ሌላ ሴት ይዤ ብገባ አገሩ ምን ይለኛል? ቄስ ሁለተኛ አያገባም።"

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያንን ፎቶ ጠቅልዬ እኔ ይዤው ተመለስኩ። ሥራ ቦታዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ጊምፕን ዛሬም እወደዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ስካን ግን ለብቻው ሳላስቀምጥ ሥራ አልጀምርም። ፎቶ ይዞ የመጣውን ሰውም እያፈርኩም ቢሆን እጠይቃለሁ። ይህ ጠባሳ የእሳቸው ነው ወይ? ይህ ነጥብ ማርያም የሳመቻቸው ነው ወይስ እድፍ? አንዳንዱ በጥያቄዬ ይሰለቻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወንበር ስቦ ስለ ሰውየው ያወራኛል።

አሁንም የሚያስፈራኝ ግን ስህተቱ አይደለም። ቄሱ "ደህና ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሊወስዱት መነሣታቸው ነው። ከዚያ በፊት ስንት ሰው እንዲሁ አመስግኖኝ፣ የራሱ ያልሆነ ፊት ይዞ ቤቱ ገብቶ ይሆን?