ሁለተኛውን ጥያቄ ስንጠብቅ፦ ሁለት ቀን በሬይ ሃባርድ ሐይቅ ላይ

ዓርብ ጠዋት፣ ጋርላንድ

ከአፓርታማችን የወጣነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጉዞው ዓላማ አንድ ነበር፤ በትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ መኖር እንችል እንደሆነ ማወቅ። ባለቤቴ ሳምሶን ኤርፖርት ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነው። ካቻምና ሃያ ሁለት ጫማ የምትረዝም አሮጌ ጀልባ ገዛና በየቅዳሜው እየሄደ ሸራ መንዳት ተማረ። አሁን የቤት ኪራይ ውላችን በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ሰኞ ለአፓርታማው ቢሮ "እናድሳለን" ወይም "እንለቃለን" ማለት አለብን። የሳምሶን ሐሳብ ቤቱን ለቀን ጀልባዋ ላይ እንድንኖር፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወስደናት እንድንዞር ነው። "ትስማሚያለሽ?" ሲለኝ "እሺ" ብዬዋለሁ። ዋና እንደማልችል ያውቃል። ውሃ ከጉልበቴ ሲያልፍ ትንፋሼ እንደሚቆራረጥ ግን ነግሬው አላውቅም።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ፓርኪንጉ ላይ አገኙን።

"ወዴት ነው ደግሞ?"

"ሐይቅ ላይ ሦስት ቀን ልንከርም ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

"ምነው፣ የቴክሳስ መሬት አለቀ እንዴ?" አሉና ወደ ሳምሶን ዞሩ። "ስማ፣ ይቺን ልጅ ውሃ ውስጥ ጥለህ እንዳትመጣ። ጥለሃት ከመጣህ ደግሞ ድስቴ እሷ ጋ ነው፣ ፈልገህ መልስልኝ።"

ሳቅን።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከድልድዩ በታች

ሬይ ሃባርድን በየቀኑ አየዋለሁ። የማስተምረው ከሐይቁ ማዶ ሮክዎል ስለሆነ ጠዋትና ማታ በድልድዩ ላይ እነዳለሁ። ከመኪና ሲታይ ሐይቁ ጠፍጣፋና ጸጥተኛ ነው። ከታች ሆኜ ሳየው ግን ሌላ ነው፤ ቡናማ ውሃ፣ በአንዳንድ ቦታ ላይ ከውሃው ብቅ ያለ የደረቀ ግንድ፣ ከላይ ደግሞ የማያቋርጥ የመኪና ጩኸት።

ጀልባዋ በምትታሰርበት ማሪና ላይ ሁለት ከረጢት በረዶ በሰባት ዶላር ገዝተን፣ የመንሳፈፊያ ጃኬታችንን አስረን ወጣን። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ዘነበለች፤ እኔም ሁለት እጄን የጠርዟ ብረት ላይ ቆለፍኩ። መዘንበሏ መገልበጧ እንዳልሆነ በመጽሐፍ አንብቤያለሁ። ከሆዷ በታች ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል፤ ነፋሱ ከላይ በገፋት ቁጥር ብረቱ ከታች ወደ ነበረችበት ይመልሳታል። ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በእርሳስና በጭቃ ሠርቼ ባሳያቸው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እግሬን ግን ማስረዳት አቃተኝ፤ ከተቀመጥኩበት አልነሳም አለ።

"ፈራሽ እንዴ?" አለኝ ሳምሶን።

"ኧረ ደህና ነኝ።"

በምሥራቁ ዳርቻ መልህቅ ጥለን፣ በአንዲት ምድጃ ላይ የጾም ሽሮ ሠራን። የጀልባዋ ቤት ቁመት ስለማያስቆም ሽሮውን ያማሰልኩት ተንበርክኬ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት "እንዴት አደርሽ?" ሲለኝ "በጣም ደህና" አልኩት። ደስ ብሎት አቀፈኝ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ግድቡ አጠገብ

ቅዳሜ በለስላሳ ነፋስ ወደ ደቡብ ወርደን ከግድቡ ፊት ለፊት መልህቅ ጣልን። ግድቡ በትልልቅ ድንጋይ የተሸፈነ ረጅም ዳገት ነው። ምሳ ስንበላ ነፋሱ ድንገት ቆመ። ውሃው እንደ ዘይት ተኛ። ከዚያ ሁለቱም ስልኮቻችን በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ ከሰሜን ምዕራብ ከባድ ማዕበልና በረዶ እየመጣ ነው። በዳላስ በኩል ሰማዩ እንደ ሰንበር ጠቁሯል።

ነፋስ ከሌለ ሸራ አይሠራም፤ ስለዚህ ቀሪው ትንሿ ሞተር ነበረች። ሳምሶን ገመዷን ሳበ። ሳለችና ዝም አለች። ደጋግሞ ሳበ።

"ኦኬ፣ ኦኬ፣ ትነሳለች። ማለቴ፣ ቤንዚን አብዝታ ጠጥታ ነው" አለ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

በዚህ መሃል ዓሣ ሲያጠምዱ የዋሉ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ በሞተር ጀልባቸው እየሸሹ መጡ። አጠገባችን ፍጥነታቸውን ቀንሰው ገመድ አነሱ።

"ወደ ማሪና ልጎትታችሁ?"

"አይ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ! አይቸገሩ!" አለ ሳምሶን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

"ደህና ነን!" አልኩ እኔም ፈገግ ብዬ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ገመዱን መለሱ፣ እጃቸውን አውለብልበው ሄዱ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው "ልርዳህ" ሲል መጀመሪያ "አይ፣ አትቸገር" ይባላል። እሱ "በፍጹም!" ይላል፤ አንተ ትግደረደራለህ፤ ሦስተኛው ላይ "እንግዲያው እሺ" ትላለህ። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅን ነበር። ሽማግሌው ግን የጠየቁት ለማወቅ ነው፤ መለስንላቸው፤ አመኑን።

"ሄዱ እኮ" አልኩ።

"ይመለሳሉ" አለ ሳምሶን።

ሁለታችንም ጮኸን ተጣራን። በሞተራቸው ድምፅ የሚሰሙ አልነበሩም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ከከተሞቹ የአደጋ ሳይረን በውሃው ላይ እየተንከባለለ ሲደርሰን ነፋሱም አብሮ ደረሰ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ መልህቋ ላይ ተወጠረች። በዳርቻው ላይ አንድ የመብራት ምሰሶና ከኋላው አንድ ዛፍ መርጬ ነበር። ምሰሶው ዛፉን እንደ ሸፈነ ከቆየ ጀልባዋ አልተንቀሳቀሰችም ማለት ነው። ምሰሶው ከዛፉ ተለየ። ከዚያ በጣም ተለየ።

"ሳሚ፣ መልህቁ እየተጎተተ ነው!"

ዞሮ ግድቡን አየ። ድንጋዮቹ አሁን አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ሞገዱ እነሱ ላይ ሲፈነዳ ነጭ ይሆናል። ከሩቅ በድልድዩ ላይ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ያልፋሉ። ማንም አያየንም። ሳምሶን "እግዚኦ፣ እግዚኦ" እያለ የሞተሩን ገመድ መሳቡን ቀጠለ።

መልህቅን የሚያስይዘው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ የገመዱም ርዝመት ነው። አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ነቅሎ ያነሳዋል፤ ረጅም ገመድ ግን አግድም ስቦ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ከሆነ ሃያ ሜትር ያህል መልቀቅ ያስፈልጋል። እኛ የለቀቅነው ስምንት አይሞላም። ይህን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ስንጥለው አይቼ "እሱ ያውቃል" ብዬ ዝም ብያለሁ።

በእጅና በጉልበቴ ወደ ፊት ተሳብኩ። ሞገድ በላዬ አለፈ፤ ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ጮክ ብዬ ያለቀስኩ ይመስለኛል። ገመዱን ከታሰረበት ብረት ፈትቼ እጄን እየላጠኝ እስከ መጨረሻው ለቀቅኩና አሰርኩት። ጀልባዋ ወደ ድንጋዮቹ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ በኃይል ነጥራ ቆመች። ከድንጋዮቹ የሁለት መኪና ርዝመት ብቻ ቀርቶን ነበር።

በረዶው ወረደ። አጠገቤ የነበረውን ባልዲ ራሴ ላይ ደፍቼ እዚያው ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም።

ዝናቡ ሲቀል የሐይቁ ጥበቃ ጀልባ መጣ። አንዲት የጥበቃ ሴት በድምፅ ማጉያ "ደህና ናችሁ?" አለችን።

የሳምሶን እጅ ወደ ደረቱ ሲሄድ አየሁት። "ደህና…" ብሎ ጀመረ።

"አይደለንም!" ብዬ ጮኽኩ። "ጎትቱን! እባካችሁ ጎትቱን!"

ቅዳሜ ማታ እና ከዚያ ወዲህ

ሦስት ቀን ያልነው ጉዞ በሁለተኛው ቀን አለቀ። ወደ ቤት ስንነዳ እጄ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር።

"ሳሚ፣ ጀልባ ላይ መኖር አልፈልግም" አልኩት። "ከመጀመሪያውም አልፈለግኩም። እፈራለሁ።"

ቀይ መብራት ላይ አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። "ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ?"

"ደግመህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነዋ።"

"ሶ፣ ይሄን ሁሉ ወር ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቂ ነበር?"

"አንተስ ሰውየውን አልጠበቅካቸውም?"

መሳቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። መኪናውን አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። "ከሞተሩ ጋ ሆኜ፣ ገደልኳት ነበር የምለው" አለ።

ሰኞ ውላችንን አደስን። ጀልባዋን አልሸጥናትም፤ ሳምሶን ቅዳሜ ቅዳሜ ከማሪናው ብዙም ሳይርቅ ይወጣል፤ እኔ ስፈልግ አብሬው፣ ሳልፈልግ "አልሄድም" ብዬ እቀራለሁ። መልህቅ ሲጣል ገመዱን የምለካው እኔ ነኝ። ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው፤ ፍርሃቴን በጨዋነት ስሸፍነው ከእኔ ጋር የነበረው ሰው አደጋው አልታየውም። ጨዋነት ያልኩትም እሱን ብቻውን መተው ነበር።

አሁን ወደ ማታ፣ የጎረቤት ልጆች ሲወጡ፣ አፓርታማችን ግቢ ውስጥ ባለው መዋኛ ዋና እየተማርኩ ነው። ትናንት ውሃው ደረቴ ድረስ መጣ። ሳምሶን በጀርባዬ አንጋሎ በሁለት እጁ ከሥር ደገፈኝ።

"ልልቀቅሽ?" አለኝ።

"አትልቀቀኝ።"

አልለቀቀኝም።