እናቴ የተናገረችው

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤቴል ሰፈር ያለውን ቤታችንን እንዴት እንደሠራ በኮምፒውተሬ ይጽፍ ጀመር። አንቀጽ መክፈል አይወድም፤ ሁሉም አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የሚያስገባው ደግሞ የእናቴን ንግግር ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ እናቴ፣ «እሷ አለች ብሎ የጻፈውን ብቻ አውጥተህ አንብብልኝ» አለችኝ።

በጃቫ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሬጄክስ በምንለው የፍለጋ ቀመር፣ በሁለት የጥቅስ ምልክቶች መካከል ማንኛውንም ፊደል የሚወክሉትን ነጥብና ኮከብ አስገብቼ፣ እዚያ መሀል ያለውን ሁሉ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ኮከቧ ግን ስግብግብ ናት፤ ከመጀመሪያው የጥቅስ ምልክት ተነስታ የጽሑፉ የመጨረሻ ጥቅስ ላይ ቆመች። ሲሚንቶ ገዛሁ፣ ከግንበኛው ጋር ተጣላሁ የሚለው የአባቴ ወሬ ሁሉ ከእናቴ አፍ የወጣ ሆኖ ቁጭ አለ፤ እንዳለ አነበብኩላት።

አባቴ በትከሻዬ በኩል አየና፣ «ማሽኑ ቤታችንን አውቆታል» አለ።

ስህተቱ ስለገባኝ ከኮከቧ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ጨመርኩ። አሁን ፍለጋው ቅርብ ያለው ጥቅስ ላይ እየቆመ የእናቴን ንግግር ለይቶ አወጣ፤ «ጣሪያው ዝቅ ብሏል»፣ «መስኮቱ ይስፋ»፣ «አላልኩህም?»

አነበብኩላት። እሷም፣ «የበፊቱ ይሻላል፤ እሱን አስቀምጥልኝ» አለች።